ገብቶናል

ወይዘሮ ማሚትን ማንም አልጠየቃቸውም። ዘበኛው በለጠ ተጠይቋል። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠው ፍሬሰላም ተጠይቃለች። አንሶላ የሚያጥቡት፣ ቁርስ የሚሠሩት፣ ከገባች ሳምንት ያልሞላት አዲሷ ልጅ እንኳ ሳትቀር «የሚመችሽ ሰዓት መቼ ነው?» ተብላለች። ባዶውን ግቢ አሥራ አንድ ክፍል ፔንሲዮን ያደረጉት፣ ስማቸው በራፉ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሴት ግን ለሠራተኞቻቸው ስልጠና ሊገዛ መሆኑን የሰሙት እንደ ሌባ ከግድግዳ ጀርባ ሆነው ነው። ጠዋት ከእንግዳ መቀበያው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍላቸው፣ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በእግራቸው ጫማቸውን ሲዳብሱ፣ የልጃቸው የልዑልቃል ድምፅ በስሱ ኮምፔንሳቶ አልፎ መጣ። «እማዬን ምን ብዬ ነው የማማክራት? ስልጠና እኮ ነው ፍሬ፤ የሽንኩርት ግዢ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረች ሴትዮ ስለ ስልጠና ምን ታውቃለች? በቃ፣ ዛሬ ማታ እንከፍላለን፤ አለቀ።»

ወይዘሮ ማሚት አንዱን ጫማ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ፊደል አለመቁጠራቸው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ አያስቀይማቸውም። ፊደል ሳይቆጥሩ ቤት ሠርተዋል፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ይሄንኑ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልከዋል። የከነከናቸው «ሴትዮ» መባላቸው ነው። ሴት ለጎረቤት ሴትዮ ትሁን፤ ለአበዳሪ፣ ለደንብ አስከባሪ ሴትዮ ትሁን፤ ለወለደችው ልጅ ሴትዮ የምትሆነው ግን በየትኛው አገር ነው? ጫማውን ወለሉ ላይ ጥለው በእግራቸው ፈልገው አጠለቁትና በትራቸውን አነሱ።

ስልጠናው ከየት እንደመጣ ያውቁታል። በዚያ ሰሞን ጽዳቷ ጃለኔ ፎቅ ላይ ያለውን ሰባት ቁጥር ስታጸዳ ሽንት ቤቱ ላይ አሲድ አፍስሳ፣ በውሃ ሳትለቀልቀው በላዩ በረኪና ደፋችበት። ከዚያ የተነሳው ሽታ ጉሮሮዋን እንደ እጅ አነቀው። በለጠ ሳሏን ሰምቶ ሮጦ ባይወጣና በብብቷ ጎትቶ ባያወጣት ኖሮ ዛሬ የሚወራው ሌላ ወሬ ነበር። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰክቶላት አድራ ወጣች፤ እስካሁንም ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ትስላለች። ልዑልቃል ያን ቀን ከልቡ ደንግጦ ነበር፤ እናቱ ይሄን አይክዱትም። ግን ድንጋጤው ሳይበርድ፣ ክፍሎቹን በሙሉ በወር ሊከራይ የፈለገ አንድ ድርጅት ሰው ልኮ «ሠራተኞቻችሁ ስለ ደኅንነት የሠለጠኑበት ወረቀት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ የልጁ ጭንቀት ከጃለኔ ሳንባ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ ሰፈረ።

ከክፍላቸው ሲወጡ ልዑልቃል ወደ ቢሮው ገብቶ ነበር። ፍሬሰላም ብቻዋን መቀበያው ላይ ሦስት ስልክ እንደ ካርታ ደርድራ አንዱን ትነካለች፣ ሌላውን ትነካለች። በሩ ላይ የዘበኛው የበለጠ ወንበር ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ግን ስልኩ ተቀምጧል፤ ከውስጡ አንዲት ሴት ስለ እሳት ማጥፊያ ለባዶው ግቢ ታስተምራለች። አንዲት ድመት አጠገቡ ተኝታ ጆሮዋን ታወዛውዛለች።

«ምንድነው እሱ?» አሉ ወይዘሮ ማሚት።

«ስልጠናው ነዋ እማማ። ማለቴ፣ ለሙከራ በነጻ የሰጡን ነው። ያ የጋሽ በለጠ ነው። ቪዲዮው ካላለቀ ጥያቄው አይመጣም፣ እሱን እየጠበቅኩለት ነው።»

«በለጠስ?»

«ዳቦ ሊገዛ ሄደ።»

«ታዲያ የሚሠለጥነው ማነው?»

ፍሬሰላም ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አያስቡ እማማ፤ መልሱን እኔ እሞላለታለሁ። መቶ ከመቶ ነው የሚያገኘው።»

«ድመቷም እኮ ስትሰማ ነበር፤ ለሷም ሙይላት» አሉና ደረጃውን ወጡ። አንሶላ ቤቱ ውስጥ ጃለኔ በተቆለለው አንሶላ መሐል ተቀምጣ ስልክ ይዛለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ነጭ እብነ በረድ የለበሰ መታጠቢያ ቤት ቆማ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እንደምትሮጥ ሰው ትናገራለች። የጃለኔ ከንፈር ከኋላዋ እየተከተለ ይንቀሳቀሳል፤ አይደርስባትም። ጃለኔ ከወሊሶ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ እዚህ ቤት ዓመታት ቆይታለች፤ አማርኛ ለገበያና ለሥራ የሚበቃትን ታውቃለች፤ ማንበብ ግን እንደ እመቤቷ ነው። እመቤቷን ስታይ ስልኩን ይዛ ብድግ አለች።

«ገባሽ የምትለው?»

«አዎ እትዬ፣ ገብቶኛል።»

«ምን አለች?»

ጃለኔ ዓይኗን አንሶላው ላይ ጣለች። «ጓንት...» አለችና ሳሏ መጣ። ስትጨርስ «ጓንት አድርጉ አለች» ብላ ጨመረች። ጥያቄው ሲመጣ ጣቷ ያረፈበትን ነካች፤ በስልኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራ፤ አልፋለች።

ወይዘሮ ማሚት የልጃቸውን ቢሮ ሳያንኳኩ ገቡ። ቢሮ ይባል እንጂ ድሮ እንጨት የሚከመርበት ክፍል ነበር፤ አሁን ጠረጴዛና የሚሽከረከር ወንበር አለው። ልዑልቃል ጆሮው ላይ የሰካትን የስልክ ማዳመጫ በአንድ ወገን አውልቆ፣ በሌላው ወገን ሰው እያዳመጠ፣ በእጁ ቆይ አላቸው። አልቆዩም። «ስልኩ ሠልጥኗል» አሉ። «ጎበዝ ሆኗል፣ መቶ ከመቶ አግኝቷል። ወረቀቱን ለስልኩ ስጠው። ሽንት ቤቱንም ከነገ ጀምሮ ስልኩ ይጠብ።» ልጁ ማዳመጫውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሒሳቡን ያስረዳቸው ጀመር፤ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት። የስልኩ ስልጠና ለአንድ ሰው ስድስት መቶ ብር ነው፤ ሰው የትም ሆኖ፣ በፈለገው ሰዓት ይማራል፤ ወረቀቱ በዚያው ይመጣል። ሰው ቀጥረን ፊት ለፊት ይሠልጥኑ ካልን ግን ሠላሳ ስድስት ሺህ የሚጠይቅ አለ፤ በዚያ ላይ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ይቆማል። ቅናሹ ደግሞ ዛሬ ማታ ያበቃል።

«ስልክ ዓይን የለውም» አሉ ወይዘሮ ማሚት። «የሰው ፊት አያይም። ያልገባው ሰው ፊቱ ላይ ይታያል። አስተማሪ ማለት እሱን የሚያይ ነው።»

«አስተማሪ መቼ አየሽና እማዬ?»

ከአፉ ካመለጠ በኋላ እሱም ሰማው። ወንበሩ ትንሽ ተሽከረከረ፣ ቆመ። ከውጭ የፈረሰውን ሰፈር የሚያስተካክለው ማሽን ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ያንን ድምፅ ለምደውት ዝም ሲባባሉ ብቻ ነው የሚሰሙት። እናትና ልጅ እንዲህ ሆነው የሚቀመጡበት ጊዜ በዝቷል፤ አባትየው በሕይወት ሳለ መሐል ገብቶ ስለ ዝናብ ያወራ ነበር። በመጨረሻ ልዑልቃል ጠረጴዛውን እያየ «እሺ» አለ። «እስከ ማታ ሰው አምጪ። አንድ ሰዓት አስተምሮ ያሳየን። ከስልኩ ከተሻለ እሱን እቀጥራለሁ። ካልተሻለ ግን ይሄን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ። ሌላም ነገር ስወስን እንዲህ በር ከፍተሽ እንዳትገቢ።»

«እኔ የከፈትኩት የራሴን በር ነው» አሉና ወጡ።

ሰው የማግኘቱን መላ አስበውበታል። ኦሎምፒያ ምግብ ቤት ያላት ጓደኛቸው ዘውዲ ባለፈው ዓመት ማድ ቤቷ በጋዝ ሊቃጠልባት ለጥቂት ነበር የተረፈው፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቿን አንድ ሰውዬ እንዳስተማራቸው ነግራቸዋለች። ወይዘሮ ማሚት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ድሮ ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ እያንዳንዱ ቤት «እንዴት አደሩ» የሚል ሰው ነበረው፤ አሁን በአንድ በኩል ቆርቆሮ አጥር፣ በሌላ በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የመብራት እንጨትና ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ ነው። መንገዱ አምሯል፤ አላማረም አይሉም። ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ግን አብሮ አልተተከለም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «እማማ ሃያ ብር» ሲላቸው «ትላንት አሥራ አምስት አልነበር?» አሉት። «ትላንት ትላንት ነው እማማ» አለና ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም፣ ግን ከፈሉ።

ዘውዲ ገንዘብ መቀበያው ኋላ ተቀምጣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ነበር። «ምነው ሞትሽ ወይ? ጠፋሽ እኮ!» አለቻቸው። «የሞተ ሰው በታክሲ ይመጣል?» አሏት። ማኪያቶ አዘዘችላቸው። ሰማንያ ብር መግባቱን ሰምተው «ይሄን ያህል ከፍሎ ወተት የሚጠጣ ጥጃ ነው» አሉ፣ ግን ጠጡት። ጉዳያቸውን ሲነግሯት ዘውዲ ወዲያው ሰውዬውን አመሰገነች። ኃይለገብርኤል ይባላል። ልጆቹ ጋዝ እንዴት እንደሚዘጋ አሁን በሕልማቸውም አይስቱትም። አንዷ ባለፈው በእኩለ ሌሊት ደውላ «እትዬ፣ ዘግተን ነው የወጣነው?» ብላታለች።

«ጎበዝ ነው» አለች ዘውዲ፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ መወልወል ጀመረች። «ግን ባለቤት አይወድም።»

«ምን አድርጌው?»

«አንቺን አላልኩም። ባጠቃላይ።»

«ባለቤት ካልወደደ ማን ሊከፍለው ነው?»

«ታይዋለሽ» አለችና ዘውዲ ወሬውን ወደ ዘይት ዋጋ አዞረችው። አምስት ሊትሩ የደረሰበትን፣ ነጋዴው እንዴት እንደሚደብቀው፣ የልጇ ሚስት እንዴት እንደምታባክነው። ወይዘሮ ማሚት አንድ ነገር እንደተደበቀባቸው ገባቸው፤ ዘውዲ ዘይት የምታነሳው ሲከፋት ወይም ስታፍር ነው። አልጎተጎቷትም፤ ጊዜ የላቸውም። ቁጥሩን ዘውዲ ደወለችላቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠጋችላቸው። ሰውዬው ስታዲየም አካባቢ ሥራ ላይ ነበር፤ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ፣ ለአንዱ ሰዓት እንደማያስከፍል ተናገረ። «ሠራተኞቹ በሙሉ ይኑሩ» አለ። «ይኖራሉ» አሉ ወይዘሮ ማሚት፤ «እኔም እኖራለሁ።» «እሺ እናቴ፤ እንተያያለን» አለ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የመጣው ሰው ልዑልቃል የጠበቀው ዓይነት አልነበረም። አጭር፣ ሹራብ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ሰው ነው። በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል።

«ፕሮጀክተር የለህም?» አለው ልዑልቃል።

«ባልዲ አለኝ» አለ ኃይለገብርኤል።

ቁርስ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ሠራተኞቹ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ወይዘሮ ማሚት ከሁሉም ፊት፣ ፊታቸውን ወደ ሠራተኞቹ በሚያዞር ወንበር ላይ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀመጡ፤ ማን እንደሚሰማ ማን እንደሚያንቀላፋ ከዚያ ይታያል። ልዑልቃል በሩን ተደግፎ ስልኩን ያያል። ኃይለገብርኤል ከፌስታሉ ሁለት ጠርሙስ አወጣ። ጽሑፉን አላነበበላቸውም፤ ክዳናቸውን አስነካቸው፣ ከሩቅ በእጁ እያራገበ ሽታቸውን አሳያቸው፣ አንዱን ከሌላው በምን እንደሚለዩት ነገራቸው። ሁለቱ ባልዲ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ሲናገር ጃለኔ በእጇ አንገቷን ያዘች። ሰውዬው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ አንድ ነገር ብሎ ይቆማል፣ ፊት ለፊት ያሉትን አንድ በአንድ ያያል። ወይዘሮ ማሚት በልባቸው «ይሄው! ዓይን!» አሉና ልጃቸውን በኩራት ገላመጡት።

«ያልገባው አለ?» አለ ኃይለገብርኤል።

«ገብቶናል» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ጥያቄስ?»

ዝም።

«ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ጠይቁኝ እንጂ።»

በለጠ በትንሹ ፈገግ ብሎ ወይዘሮ ማሚትን አየና ፈገግታውን መልሶ ዋጠው። ኃይለገብርኤል ወደ ጃለኔ ዞረ። «እህቴ፣ አሁን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነሽ እንበል። ያ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ጃለኔ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ከሰውዬው ላይ ተነስቶ ወደ ወይዘሮ ማሚት ሄደ፣ እዚያው ቀረ። አፏን ዘጋች። ወይዘሮ ማሚት ሊያግዟት ፈለጉ፤ የፈለጉት ማገዝ ነበር። «ንገሪው እንጂ! ምን ያፍዝሻል? አፍ የለሽም?» አሉ። የጃለኔ አንገት ወደ ትከሻዋ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የሚወጣት አልነበረም። ሰውዬው ፍሬሰላምን ጠየቀ። በስልክ መቶ ከመቶ ያገኘችው ፍሬሰላም «ማለቴ... እእ... በቃ...» ብላ እሷም ወደ አሮጊቷ አየች። አዲሷን ልጅ ጠየቃት፤ አዲሷ ልጅ ገና ሳትጠየቅ «ገብቶኛል» አለች። ወይዘሮ ማሚት እያንዳንዷን ሲቀጥሩ የሚሰጡት ምክር አንድ ነበር፦ ዝም አይነቅዝም። ምክሩ የተሰማላቸው አይመስላቸውም ነበር፤ ለካ አንዱም ሳይጎድል ተሰምቷል።

«እማዬ» አለ ልዑልቃል ከበሩ ላይ። ሳቁን አልደበቀም። «ስልኩም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ያውም በስድስት መቶ ብር።»

ኃይለገብርኤል ጠርሙሶቹን መሬት አስቀመጠና መጥቶ ከወይዘሮ ማሚት ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርገውም በዚያ ዝምታ ውስጥ የማይሰማ አልነበረም። «እናቴ፣ ይቆጡኝ ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ይበዛል።»

«ማነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎት። ሲጠየቁ እኔን አያዩኝም፤ እርስዎን ነው የሚያዩት። ትንሽ ቢወጡልኝ።»

ወይዘሮ ማሚት በትራቸውን አንስተው ወለሉን መቱት። ከዚያ ቃሉ መጣ፣ ጎርፍ ሆኖ መጣ። «እኔን? ከገዛ ቤቴ? ይሄን ሁሉ ሰፈር ያፈረሰ ግሬደር ያላወጣኝን ሴት፣ በባልዲ የመጣ ሰው ሊያወጣኝ? ማን ፈልጎ አመጣህና ነው? ማን ታክሲ ተሳፍሮ፣ ማን ለመነህ?» ሠራተኞቹ እግራቸውን ያያሉ። ሰውዬው አልተነሳም፤ የሰደቡት ሁሉ እንደ ዝናብ ጣለበትና አባራ። ወይዘሮ ማሚት ዘውዲ ለምን ዘይት እንዳነሳች አሁን ተገለጠላቸው፤ እሷንም አስወጥቷታል። ቀና ሲሉ የልጃቸውን ፊት አዩ። ልዑልቃል ሰዓቱን እየተመለከተ ነው። ከዚህ ወንበር ካልተነሱ ስልኩ አሸነፈ፣ ጃለኔም አረንጓዴ ምልክቷን ይዛ ነገ ያንኑ ባልዲ ታነሳለች። ከተነሱ ደግሞ ሠራተኞቻቸው እያዩ ከቤታቸው ተባረሩ፤ ያውም ራሳቸው ለምነው ባመጡት ሰው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ማንም አልጠየቃቸውም። በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«እርስዎም ጌታዬ» አለ ኃይለገብርኤል ወደ ልዑልቃል ዞሮ።

«እኔ? እኔ ምን አደረግኩ?»

«ባለቤት ነዎት።»

እናትና ልጅ ደረጃው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌላ መቀመጫ የለም። ከኋላቸው በሩ ተዘጋ። ከበሩ በላይ ያለችው የብርጭቆ መስኮት ግን ከተሰበረች ዓመት አልፏታል፤ እናት «አሠራት»፣ ልጅ «እንጠግናታለን» ሲባባሉ ቀርታለች። በመጀመሪያ ከውስጥ ምንም አይሰማም ነበር። ልዑልቃል ጫማውን ያያል፤ ወይዘሮ ማሚት ግድግዳውን። ከዚያ የዘበኛው የበለጠ ድምፅ መጣ። «እኔ እውነቱን ልናገር፤ ያንን የስልኩን ነገር አላየሁትም። ዳቦ ልገዛ ሄጄ ነበር።» ሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ በኋላ ነገሩ እንደ ተቀደደ ጆንያ ሆነ። «ያ ቀዩ እሳት ማጥፊያ ግን እንዴት ነው የሚከፈተው? እኔ ሁልጊዜ አቧራውን ነው የምወለውለው» አለች ቁርስ የምትሠራዋ። «መብራት ሲጠፋ የሚይዘን ሊፍት የለንም፣ ታዲያ ምን ያስፈራናል?» አለ በለጠ፤ እንደገና ተሳቀ። ፍሬሰላም አማርኛዋ ተስተካክሎ ጠየቀች። አዲሷ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። እዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ጥያቄ እንደነበረ፣ የት ተደብቆ እንደከረመ፣ ወይዘሮ ማሚት አያውቁም ነበር።

ከዚያ አንድ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ጎላ ያለ፣ ሙሉ ድምፅ። ወይዘሮ ማሚት ማን እንደሆነ ለመለየት ጆሯቸውን አዘነበሉ። ጃለኔ ነበረች። ድምፅዋን እንዲህ ሲወጣ ሰምተውት አያውቁም።

«እኔ ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እትዬ ‹አሲዱንም በረኪናውንም አትሰስቺ› ብለውኛል። ግን አንድ ላይ ነው ወይስ አንዱ ታጥቦ ነው ሌላው? አላወቅኩም። ልጠይቃቸው ወረድኩ፤ በራቸው ድረስ መጣሁ። ውስጥ በስልክ ሰው ይቆጡ ነበር። ‹አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገራችሁ!› ይላሉ። ፈራሁ። ልዑልቃልን ልጠይቅ አልኩ፤ እሱ ደግሞ ያቺን የጆሮውን ነገር አይነቅላትም። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አላየኝም። ከዚያ ተመልሼ ወጣሁ፣ ሁለቱንም ደፋሁት።» ትንሽ ሳለች። «አሁንም አንድ ያልገባኝ አለ። መስኮቱን ልክፈት ወይስ መጀመሪያ ልውጣ?»

«ውጪ» አለ ኃይለገብርኤል። «ምንም ነገር ሳትነኪ ውጪ። መስኮቱ ያንቺን ያህል አይከብርም።»

ደረጃው ሥር ልዑልቃል እጁ ወደ ጆሮው ሄዶ ያቺን ነገር ነቀላት፤ ነቅሎ የት እንደሚያስቀምጣት ጠፋበት፣ በመዳፉ ጨበጣት። እናቱን አላያቸውም፤ እሳቸውም አላዩትም። ወይዘሮ ማሚት ያን ቀን በስልክ ማንን እየተቆጡ እንደነበር ለማስታወስ ሞከሩ። እንቁላል ነጋዴውን ይሆን? ውሃ የሚያመጣውን? አልመጣላቸውም። የሚቆጡት ሰው ብዙ ነው፤ የቱ እንደሆነ በምን ይለያል። ልጃቸው አንድ ነገር ቢል ኖሮ፣ «አየሽ፣ አንቺ ነሽ» ቢል ኖሮ መልስ ነበራቸው፤ «አንተስ» ይሉት ነበር። አላለም። የጨበጣትን ነገር ኪሱ ከተተና «ሰውዬውን እቀጥረዋለሁ» አለ።

«ወረቀት አለው?»

«ይኖረዋል። ሠላሳ ሺህ ቢያደርግልን...»

«አትከራከረው» አሉ ወይዘሮ ማሚት።

ልዑልቃል ቀና ብሎ አያቸው። እናቱ ዋጋ አትከራከር ሲሉ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። «ያልሽው ሆነልሽ እኮ እማዬ። ምነው ደስ አላለሽም?»

«ዝም በል አንተ» አሉት እንደ ልማዳቸው፤ ግን ድምፃቸው ልማዱን አልያዘም።

በሩ ተከፈተ። ሠራተኞቹ እየተገፋፉ፣ እየሳቁ ወጡ፤ ደረጃው ሥር የተቀመጡትን ሲያዩ ሳቁ ራዲዮ ሲዘጋ እንደሚቆረጠው ተቆረጠ። በለጠ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ በሩ ሄደ። ፍሬሰላም አንገቷን ደፍታ አለፈች። ልዑልቃል ኃይለገብርኤልን ይዞ ወደ ቢሮው ገባ። ከሁሉም ኋላ ጃለኔ መጥረጊያዋንና ባልዲዋን ይዛ ወጣች፤ ወደ ፎቅ ለመውጣት በአሮጊቷ አጠገብ ማለፍ አለባት። ጥጉን ይዛ፣ ትንሽ ሆና፣ ልታልፍ ስትል ወይዘሮ ማሚት በትራቸውን ደረጃው ላይ አጋደሙት።

«የት ነው?»

«ሦስት ቁጥር እትዬ። እንግዳ ሊገባ ነው።»

«እንግዳው ይቆያል። ያስተማረው ነገር ገባሽ?»

«ገብቶኛል እትዬ።»

«እኔ ያልኩሽስ? ከመጣሽ ጀምሮ ያልኩሽ ሁሉ?»

«እሱም ገብቶኛል።»

«አልገባሽም!» አሉ ወይዘሮ ማሚት፤ ጩኸታቸው እስከ በሩ ሄዶ በለጠን አስዞረው። የጃለኔ አንገት ወደ ትከሻዋ ገባ። አሮጊቷ አዩት፤ ያችው አንገት፣ እንደዚያው። አፋቸውን ዘጉ። ባልዲውን ከእጇ ወስደው በግራቸው አስቀመጡት፣ በቀኛቸው ልጃቸው ተነስቶ የሄደበትን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተቀመጪ።»

«እትዬ፣ እኔ እዚህ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ። አንድ ያልገባሽን ነገር ትጠይቂኛለሽ፤ ሳትጠይቂኝ ፎቅ አትወጪም። አልቆጣም ብዬ አልዋሽሽም፤ እቆጣለሁ። ተቆጥቼ እነግርሻለሁ። ካልገባሽ ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ፣ ደግሜ እቆጣለሁ፣ ደግሜ እነግርሻለሁ። ፊቴን አትዪው፤ ፊቴ እንዲህ ነው። በይ፣ ጠይቂኝ!»